የፍሬው ቅርጫት

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ምልልስ በሁለት ወዳጆች መካከል የተደረገ ነው። አንደኛው በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ጠጕራቸውን ያሸበቱ መሪጌታ፣ ሁለተኛው በኢጣልያ አገር የሥዕል ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊ ናቸው። በመካከላቸው በተዘረጋው መጽሐፍ ላይ የሚታየው ሥዕል፣ ሚኬላንጄሎ ሜሪዚ የሚባለው፣ ዓለም ግን ካራቫጆ ብሎ የሚያውቀው ሠዓሊ በ1599 ግድም በዘይት ቀለም የሣለው የፍሬ ቅርጫት ነው። ዋናው ሥዕል ዛሬም በሚላኖ ከተማ፣ በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት የሥዕል አዳራሽ ይገኛል። በንግግሩ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ የዚህን መጽሐፍ ገጽ ስንገልጥ ያለፍናቸው ሥዕሎች፣ አሣሣላቸው ከእኛው ሥርዓት ቢለይም ነገራቸው አልጠፋኝም ነበር፤ ይህች እመቤታችን ናት፣ ይህ ጴጥሮስ ነው፣ ያም ሄሮድስ ነው እያልሁ መጣሁ። እዚህ ላይ ግን ሰው የለም፣ መልአክ የለም፣ ገድል የለም፣ ተአምርም የለም፤ ከገበያ የመጣ የሚመስል ቅርጫት ፍሬ ተሞልቶ በአንድ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ይኸው ነው። ፍሬ ለመብል የተፈጠረ ነውና በልቶ ፈጣሪን ማመስገን ሲቻል፣ ይህን ያህል የእጅ ጥበብ የተሰጠው ሰው ዕውቀቱን በዚህ ላይ ማፍሰሱ ስለ ምን ይሆን?

ሠዓሊው፦ ይህን የጠየቁ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ አውሮፓውያንም ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ፌሊቢያን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1667 የሥዕልን ዓይነቶች በየማዕርጋቸው ሲደረድር፣ የቅዱሳንንና የነገሥታትን ታሪክ የሚሥለውን በላይ አስቀምጦ ፍሬና አበባ የሚሥለውን ከሁሉ በታች አደረገው። ምክንያቱም ሕይወት ያለው ከግዑዙ ይበልጣል፣ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውም ሰው ከሁሉ ይበልጣልና፣ የሠዓሊውም ክብር እንደሚሥለው ነገር ክብር ነው የሚል ነበር። ካራቫጆ ግን ከዚያ አስቀድሞ በሕይወቱ ሳለ ሌላ ፍርድ ሰጥቶበት ኖሯል፤ ሥዕሎቹን ይገዛ የነበረው መኰንን ጁስቲኒያኒ በደብዳቤው እንደ ጻፈው፣ አበባን አሳምሮ መሣል ሰውን አሳምሮ ከመሣል ያላነሰ ድካም የሚጠይቅ ነው ይል ነበር።

መሪጌታ፦ ድካሙንስ አልክድም፤ ዳሩ ግን ገለባ የሚያበጥርም ሰው ይደክማል። የድካም ዋጋው ከውስጡ በሚገኘው ምርት ነው።

ሠዓሊው፦ እንግዲያስ ምርቱን አብረን እንፈልገው። እስቲ በዚህ ሥዕል ላይ የሚያዩትን ይንገሩኝ።

መሪጌታ፦ የማየውማ ግልጽ ነው። ፖም አለ፤ ምዕራባውያን አዳም የበላው ፍሬ ይህ ነው ይላሉና የመጀመሪያው በደል ምሳሌ ነው። ወይን አለ፤ ይህ የቍርባን ምሳሌ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻውም። በለስ አለ፤ ቅጠሉ ለአዳምና ለሔዋን ዕርቃን መሸፈኛ የሆነ፣ ጌታም ፍሬ አጥቶባት የረገማት ዛፍ። ፖሙን ትል በልቶታል፤ እንግዲህ ትሉ ሞት ነው፣ ኀጢአት ከገባበት ዘንድ ሞት ይገባልና። ቅርጫቱም ይህ ዓለም ነው ብንል ነገሩ ይሰምራል።

ሠዓሊው፦ በጉባኤዎ አንድ ደቀ መዝሙር ንባቡን ሳያቀና ወደ ትርጓሜ ቢሻገር ምን ያደርጉታል?

መሪጌታ፦ ወደ ንባብ ቤት እመልሰዋለሁ። ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ሳይለይ የሚተረጕም ሰው የሚተረጕመው መጽሐፉን አይደለም፣ የገዛ ልቡን ሐሳብ ነው። አሁን ወዴት ልትወስደኝ እንደ ሆነ ገባኝ።

ሠዓሊው፦ ይቅር ይበሉኝና፣ አሁን የነገሩኝን ሁሉ ሥዕሉን ሳያዩ፣ ፖምና ወይን በለስም አለበት ብዬ በቃል ብነግርዎ ኖሮ ሊነግሩኝ በቻሉ ነበር። እንግዲህ ንባቧን እናንብብ። ስንት ዓይነት ወይን አለ?

መሪጌታ፦ ጥቍርና ነጭ። ቆይ፣ አትቸኵልብኝ፣ መነጽሬን ላድርግ። ጥቍሩ አንድ ዘለላ ነው፤ ነጩ አንድ፤ ከዚህ ደግሞ ወደ ወርቅ የሚያደላ ሌላ አለ፤ በስተቀኝ ያለውም ቀይ ነው። አራት ዘለላ። በቀዩም ዘለላ ላይ ውኃቸው አልቆ ጭምድድ ብለው የደረቁ ፍሬዎች አሉ፤ እነዚህን ፈጽሞ አላየኋቸውም ነበር።

ሠዓሊው፦ በለሱንስ?

መሪጌታ፦ በለሱ ሁለት ወገን ነው። አረንጓዴዎቹ ገና ጠንካሮች ናቸው፤ ጠቆር ያሉት ግን እጅግ ከመብሰላቸው የተነሣ ልጣጫቸው ከጎን ተተርትሮ ውስጣቸው ይታያል። ይህስ እውነት ነው፤ የበሰለ በለስ ማንም ሳይነካው በገዛ ማሩ ይሰነጠቃል። ከበላዩ ያለውን ትልቁን የበለስ ቅጠል ደግሞ ዋግ መትቶት መካከሉ ተቃጥሏል። ኮኩ ጤነኛ ይመስላል፣ ቅጠሉን ግን ትል በስቶታል። ፖሙን ትል በልቶታል ብዬህ ነበር፤ አሁን ሳየው የገባበት ቀዳዳ ሁለት ነው፤ አንደኛው ዙሪያው መበስበስ ጀምሯል፣ ሁለተኛው ገና አዲስ ነው። በቀኝ በኩል ከቅርጫቱ ወጥቶ የተዘረጋው የወይን ሐረግ ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ተበልቶ ሸረካክቷል፤ የፌንጣ ሥራ ይመስለኛል።

ሠዓሊው፦ የፌንጣ ሥራ እንደሚመስል በዚህ ዘመን ያለ ሊቅም አረጋግጦታል። ጁልስ ጃኒክ የሚባል አሜሪካዊ የአትክልት ዕውቀት ሊቅ ይህን ሥዕል እንደ እርሻ ተመልክቶ፣ ይህ የዚህ ዓይነት የእሳት ራት ትል የሚያደርሰው ጕዳት ነው፣ ይህ በዚህ በሽታ የተነሣ ነው፣ በዚህ የወይን ቅጠል ላይ ደግሞ ነፍሳት ዕንቍላላቸውን ጥለውበታል እያለ አንድ በአንድ ጽፎታል። መሪጌታ፣ ይህን ነገር ያስቡት፤ ካራቫጆ የነፍሳትን ዕውቀት የተማረ አልነበረም፣ የእነዚህን በሽታዎች መንሥኤ በዘመኑ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ምክንያቱን የማያውቀውን ነገር እንዲህ በታመነ ዓይን ስላየው ግን፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ መጥቶ በሽታውን ከሸራው ላይ ሊያነብበው ቻለ። እኔ የዚህች ሥዕል ምርት አንዱ ይህ ነው እላለሁ።

መሪጌታ፦ ይህስ አንክሮ የሚገባው ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሥነ ፍጥረትን ስንተረጕም፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሠሉስ በእጅ የሚለቀመውን፣ በማጭድ የሚታጨደውን፣ በምሳር የሚቈረጠውን ሦስቱን ወገን አስገኘ እንላለን፤ ያየውም ሁሉ መልካም ነበረ። ይህ ሰው በእጅ ከሚለቀመው ወገን እንደ ተፈጠረ ያማረውን መምረጥ ሲችል፣ የተበላውንና የበሰበሰውን መርጦ ማሳየቱ ፍጥረትን ማነወር አይሆንበትምን?

ሠዓሊው፦ ማነወር የሚሆነው በትሉ ላይ እጁ ከብዶ፣ በወይኑ ላይ ቀልሎ ቢሆን ነበር። ደኅና አድርገው ይመልከቱ፤ በፖሙ ጕንጭ ላይ ያለው ቅላት ወደ ቢጫው የሚያልፍበት ቦታና ትሉ የገባበት ጕድጓድ የተሠሩት በአንድ ዓይነት ትዕግሥት ነው። የተበላው ቅጠል ጠርዝ የተቀባበት ጥንቃቄ ለጤነኛው ዘለላ ከተሰጠው አይበልጥም፣ አያንስም። ደግሞም ሁሉ አልተበላም፤ እዚህ በስተመካከል ያለው፣ ከፖም ወገን የሆነው፣ ኢጣልያኖች አብስለው እንጂ ጥሬውን የማይበሉት ትልቁ ቢጫ ፍሬ አንዳች ነውር የለበትም፤ ቅጠሉ ብቻ ነው ነቍጥ ያለበት። ሠዓሊው ፍርድ አልሰጠም። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ከሐዲው ግን በአንድ ጎኑ ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ተመልካቹም የትኛውን ሊያከብር የትኛውን ሊነቅፍ እንደሚገባው ገና ከደጅ ሲገባ ያውቀዋል። ይህ ታላቅ ሥርዓት ነው፣ የሚያስተምረውም ብዙ ሕዝብ ነው። ፍሬ ግን ጎን የለውም፣ ዓይንም የለውም፤ የትኛው ፍሬ ጻድቅ እንደ ሆነ የሚነግረን ስለሌለ ራሳችን እስክናየው ድረስ መቆየት ግድ ይሆንብናል። እንዲህ ያለው ሥዕል ማዕርጉ ከሌሎቹ እኩል ነው የምልዎ ስለዚህ ነው፤ ታሪክ የሚናገር ሥዕል በከፊል በጆሮ ይታያል፣ የሰማነው ታሪክ ዓይናችንን ይመራዋልና፤ ይህ ግን ከዓይን በቀር ሌላ መግቢያ የለውም።

መሪጌታ፦ በጆሮ ይታያል ያልኸው እውነት ነው፤ ሥዕለ ማርያምን የማውቃት ገና ሳላያት ተአምሯን ከመስማቴ የተነሣ ነውና። ነገር ግን ዓይን ብቻውን ይበቃል ካልህ እንስሳም ዓይን አለው።

ሠዓሊው፦ ይህን ያሉት መልካም ሆነ፤ ፕሊንዮስ የሚባል የሮማ ጸሐፊ የተወው አንድ ታሪክ አለ። ዜውክሲስ የተባለ የግሪክ ሠዓሊ ወይን ቢሥል፣ ወፎች እውነተኛ መስሏቸው ሊለቅሙት ወረዱ። ተወዳዳሪው ፓራስዮስ ደግሞ መጋረጃ ሥሎ አቆመና፣ ዜውክሲስ መጋረጃውን ግለጠው እንይ ቢለው፣ ወፎችን ያታለለውን ሠዓሊ አታለለው ተባለ። ከዚህ ሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን የታሪኩ ተከታይ ነው። ዜውክሲስ በሌላ ጊዜ ወይን የተሸከመ ብላቴና ሣለ፤ ወፎቹም እንደ ቀድሞው መጡ። እርሱ ግን ተቈጣ፤ ወይኑን የሣልሁትን ያህል ብላቴናውን አሳምሬ ሥዬው ቢሆን ኖሮ ወፎቹ ሊፈሩት በተገባ ነበር አለ።

መሪጌታ፦ የታመነ ባለሙያ ቃል ነው። እንግዲህ ወፎች ወደዚህች ሥዕል ይወርዱ ይሆን?

ሠዓሊው፦ አይወርዱም ባይ ነኝ። ያ ሁሉ በማታለል ላይ የቆመ ምስጋና ነው፤ የካራቫጆ ሐሳብ ግን ማታለል ቢሆን ኖሮ ከቅርጫቱ በስተኋላ ቤት ወይም መስኮት ወይም ዛፍ ባኖረ ነበር። ከበስተኋላው ምን አለ?

መሪጌታ፦ ምንም የለም። ግድግዳ ይሁን ሰማይ የማይታወቅ ገረጣ ያለ ቢጫ ብቻ ነው። በአንዳንድ የብራና ሥዕሎቻችን መደቡ እንዲህ ባዶ ቢጫ ይሆናል፤ ቅዱሱ የቆመበትን ምድር፣ ያለበትን ሰዓት እንዳንጠይቅ። አሁን ሳስበው ይህ ቅርጫት ቅዱስ እንደሚቆም ቆሟል።

ሠዓሊው፦ እኔ ሚላኖ ሄጄ በዓይኔ እስካየው ድረስ ይህን ቃል አላገኘሁለትም ነበር። ሸራው ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ቅርጫቱ የተሣለው በዓይናችን ትክክል ነው፤ ገበታ ላይ ያለ መብል ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ሲሆን፣ ይህን ዝቅ ብለን ወይም ፍሬው ከፍ ብሎ ፊት ለፊት እንተያያለን። በዚህ ላይ የቅርጫቱን ግርጌ ይመልከቱ። ከልምጭ የተጎነጎነው ጠርዝ በሰሌዳው ላይ ተሟልቶ አልተቀመጠም፤ ጥቂት ወደ እኛ አልፎ ከጫፉ ወጥቷል፣ ከሥሩም ጥላ ጥሏል። ብርሃኑ ከግራ ይመጣና ግራውን ወገን ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ፍሬው እየቀነሰ ቅጠሉ ይበዛል፣ በስተመጨረሻም የደረቁት ቅጠሎች ክብደት አጥተው እንደ ጥላ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ዓይን ከሙሉው ወደ ባዶው በቀስታ ይሻገራል፤ የት ላይ እንደ ተሻገረ ግን ለይቶ ሊናገር አይችልም።

መሪጌታ፦ ጥላውን አየሁት። ሊወድቅ ነው እንዳይባል ቅርጫቱ ጽኑ ነው፤ ጽኑ ነው እንዳይባል ጠርዙ ወጥቷል። ይህን የወደደና በእጁ ያኖረውስ ማን ነበር?

ሠዓሊው፦ የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዮ ናቸው። በ1607 ንብረታቸው ሲመዘገብ ይህ ሥዕል በመዝገቡ ገብቷል፤ በ1618 ደግሞ ከሌሎች ሥዕሎቻቸው ጋር ራሳቸው ላቆሙት ለአምብሮዚያና ሰጡት። አምብሮዚያና በ1609 ለአንባቢ ሁሉ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ካርዲናሉ መጽሐፍ የሚገዙላቸውን ሰዎች እስከ ምሥራቅ አገሮች ድረስ ይልኩ ነበር። ዛሬ በዚያ ቤት ከዐረቡና ከሱርስቱ ጋር የግእዝ ብራናም አለ።

መሪጌታ፦ የእኛ ብራናና ይህ ቅርጫት በአንድ ጣራ ሥር ናቸው ማለት ነው! ግን አንድ ጳጳስ ለምን ፍሬ ሰቀሉ? የሚሰቅሉት መስቀልና ሥዕለ ቅዱሳን አጥተው አይደለም።

ሠዓሊው፦ አላጡም፤ ብዙ ነበራቸው። ነገር ግን ፍጥረትን ማየት የጸሎት ወገን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያን ብሩገል የሚባለው የፍላንድር ሠዓሊ ወዳጃቸው ነበርና የአበባ ሥዕል ያሠሩት ነበር፤ ብርድ በርትቶ ምድሩ ሁሉ በበረዶ ሲሸፈን፣ በክፍላቸው ያለውን የተሣለ አበባ እያዩ ደስ እንደሚሰኙ ራሳቸው ጽፈዋል። ስለዚህችም ቅርጫት በ1625 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጓደኛ የሚሆናት ሌላ የፍሬ ቅርጫት ከጎኗ ሊሰቅሉ ፈልገው፣ በውበት የሚስተካከላት ስላጡ ብቻዋን እንደ ተወዋት ይናገራሉ። የሚገርመው ደግሞ ሸራው አዲስ አልነበረም፤ በራጅ ሲመረመር ከፍሬው ሥር ሌላ የጌጥ ሥዕል ተገኝቶበታል። የሚላኖ ካርዲናል ወደር አጣሁለት ያሉት ሥራ በአሮጌ ሸራ ላይ የተሠራ ነው። በኋላ ዘመን ኢጣልያውያን በመቶ ሺህ ሊራ ኖታቸው ላይ የካራቫጆን መልክ ከፊት፣ ይህን ቅርጫት ከኋላ አትመውት ነበር።

መሪጌታ፦ ስለ ሠዓሊው ግን የሰማሁት ነገር መልካም አይደለም። ሰው ገድሏል ይባላል።

ሠዓሊው፦ እውነት ነው፤ በ1606 በሮማ በጠብ ሰው ገድሎ ሸሸ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ወደ ሮማ ሳይመለስ በባሕር ዳር ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው አርባ አልሞላም ነበር። ይህን ከሥዕሉ ጋር አላጣብቀውም። ይህችን ሲሥል ደሙ ገና አልፈሰሰም፤ ቢፈስም ኖሮ ትሉ ያንኑ ያህል ትል፣ ወይኑም ያንኑ ያህል ወይን በሆነ ነበር።

መሪጌታ፦ ስለ ነፍሱ የሚፈርድ ሌላ ነው፤ እንለፈው። አሁን ግን ንባቡን እንደ አቅሜ አንብቤአለሁና፣ ወደ ትርጓሜ ልመለስ ፈቃድህ ይሁን። አስቀድሜ ያልሁህን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ፖሙ አዳም ነው፣ ቅርጫቱ ዓለም ነው አልልም። በነቢዩ አሞጽ መጽሐፍ፣ በስምንተኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር ለነቢዩ አንድ ዕንቅብ የበሰለ ፍሬ ያሳየዋል፤ ከዚያም ምን ታያለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ነቢዩም ያየውን ይናገራል፤ አንድ ዕንቅብ ፍሬ ነው ይላል፣ ከዚያ የተረፈ አይናገርም። የእስራኤል ፍጻሜ መድረሱ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ለብዙ ተማሪ ስተረጕም ፍጻሜ የምትለዋን ቃል ነበር የምይዘው፤ ጥያቄውን እንደ መግቢያ ብቻ እያየሁ አልፈው ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ ይከብደኛል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ነቢዩን ምን ታያለህ ብሎ የጠየቀው፣ ነቢዩ ፍሬውን እንደ ፍሬ ሳያየው ፍጻሜውን ሊሰማ ስለማይገባው ይሆናል። የበሰለ ሁሉ ለመልቀም ደርሷል፤ እዚህ ላይ ያለው በለስ በገዛ ማሩ ሲሰነጠቅ መብሰሉና መጥፋቱ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ደግሞ ከሥዕሉ አነበብሁት እንጂ ከልቤ አላመጣሁትም።

ሠዓሊው፦ መሪጌታ፣ ከዚህ የተሻለ ሐተታ ስለዚህች ሥዕል አላነበብሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። አሞጽ ባየው ዕንቅብ የእግዚአብሔር ቃል ተከትሎ ተነግሯል፤ በዚህ ቅርጫት ግን የተከተለ ቃል የለም። ሠዓሊው ፍጻሜ ደርሷል አላለም፣ ብሉም አላለም፣ ተዉም አላለም። ቃሉን የጨመሩት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው መጥቶ መብሰልን ብቻ አይቶ ቢደሰት ስሕተት የለበትም።

መሪጌታ፦ ስሕተትስ የለበትም፤ ጕድለት ግን አለበት። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ቃሉን ከዓይኑ ለይቶ ማኖር አይችልም፣ እንዲችልም አልመክረውም። በዚህ ነገር አንስማማም።

ሠዓሊው፦ አንስማማም። እንግዲያስ ይህን ሌላ ይመልከቱት፤ ይህን የሣለው ኋላ ወደ ጸሎት ሕይወት የገባ ሰው ነው። ሁዋን ሳንቼስ ኮታን ይባላል፤ የቶሌዶ ሠዓሊ ነበር፤ በ1603 ሥራውን ትቶ ካርቱዚያውያን ወደሚባሉት መነኰሳት ማኅበር በወንድምነት ገባ። ይህን ሥዕል የሠራው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1602 ግድም ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ በሳን ዲየጎ ከተማ ይገኛል።

መሪጌታ፦ ካርቱዚያውያን ሥጋ የማይቀምሱት ናቸው፣ አይደለምን? አንድ የካቶሊክ ካህን ነግሮኝ ነበር። ይህስ እንግዳ ነው፤ መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከላይ በክር የተንጠለጠለው ቅድም አብስለው ይበሉታል ያልኸኝ ቢጫ ፍሬ ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ጥቅል ጎመን በክር ተንጠልጥሏል። ከዚያ የተቈረጠ ሐብሐብ የሚመስል ፍሬ፣ ቁራሹም ከጎኑ፤ በመጨረሻ ኪያር፣ ጫፉ ከመስኮቱ ደፍ ወጥቶ ወደ እኛ መጥቷል። ከላይኛው ተነሥቼ እስከ ኪያሩ በዓይኔ ስወርድ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ደጋን ይመስላል።

ሠዓሊው፦ አንብበውታል፤ ምንም አልቀረዎትም። ፍሬውና ጎመኑ በክር የተንጠለጠሉት በዚያ አገር እንዳይበላሹ እንዲህ ያቈዩአቸው ስለ ነበር ነው፤ እርሱ ግን ያንን የጓዳ ልማድ ወስዶ እያንዳንዱን ነገር ለብቻው በጨለማው ፊት አኖረው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም፣ አንዱ ሌላውን አይከልልም። የካራቫጆው ቅርጫት ሕዝብ ነው፤ ይህ ግን እያንዳንዱ በየበዓቱ ያለ ይመስላል።

መሪጌታ፦ አንተም ትርጓሜ ጀመርህ።

ሠዓሊው፦ ጀመርሁ፤ ግን ካነበብሁ በኋላ ነው።

መሪጌታ፦ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሰው፣ በቤትህ ያየሁት ሥዕል ሁሉ ወይ የአንበሳ ወይ የፈረሰኛ ወይ የበዓል ሥዕል ነው። ፍሬ ሥለህ አላየሁም።

ሠዓሊው፦ የሚገዛ ስለማይገኝ ነው ብልዎ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ለአንበሳው ጋማ ያየሁትም ያላየሁትም ይሆነኛል፤ ተመልካቹ አንበሳነቱን ራሱ ይሞላልኛልና። ለፍሬው ግን የሚሞላልኝ የለም። ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ኮክ ብሥል የማውቀውን ኮክ እንጂ ከፊቴ ያለውን አልሣልሁትም ነበር።

መሪጌታ፦ ኮክ ተወው፤ ለስላሳ ነው፣ ያታልልሃል። ከቤተ ክርስቲያናችን አጸድ ትርንጎ አለ፤ ቆዳው እንደ ሽማግሌ እጅ የተጎረበጠ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። እርሱን ከምታውቀው ልትሥለው አትችልም፣ እያንዳንዱን እብጠት ማየት ግድ ይልሃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ እሰጥሃለሁ፤ ትል ያገኘው ካለም አላወጣብህም።

ሠዓሊው፦ እመጣለሁ። ብቻ ሰው ልከው እንዳያስለቅሙልኝ፤ ከነቅንጥቡ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ነው የምፈልገው፤ ራሴ እቈርጠዋለሁ።